ከድሬ ሙቀት ወደ ሐረር ቡና፦ የአንድ ቀን ጉዞ ግምገማ

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ሲጨርሱ አየሩ ሌላ ነው። ሹራብ ይያዙ።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት መነሳት ይሻላል። አርፍዶ የሄደ ሰው ሲመለስ መንገዱ ላይ ባለችው አወዳይ ከተማ በጫት ገበያው ግርግር ይያዛል። የዓርብ ጉዞም አይመከርም፤ ቀትር ላይ ብዙ ሱቅ ለጁምዓ ይዘጋል።

ለቁርስ ፈጢራ በእንቁላልና በማር ይዘዙ፤ ከምጣድ እንደወረደ ካልተበላ ግን እንደ ቆዳ ይጎተታል። መጠጡ ቁጢ ይሁን፣ ማለትም የደረቀ የቡና ቅጠል ተፈልቶ ወተት የገባበት። ሐረር ድረስ ሄዶ ማኪያቶ ማዘዝ ያስቆጫል።

የጉዞው ዋና ነገር ግን ቡናው ነው። የሐረር ቡና ሳይታጠብ ከነሥጋው በፀሐይ ስለሚደርቅ ጣዕሙ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፤ ጥሩው ሲጠጣ እንጆሪ እንጆሪ ይላል። የሚበላሸውም እዚያው ማድረቂያው ላይ ነው። ወፍሮ ተሰጥቶ ቶሎ ቶሎ ካልተገላበጠ ይብላላና ኮምጣጣ ይሆናል፤ ባዶ መሬት ላይ ከደረቀ አፈር አፈር ይላል። ስለዚህ ጥሬውን በእፍኝ ዘግነው ያሽትቱ። የሻጋታ ወይም የኮምጣጤ ሽታ ካለው ይተዉት። ጥቁርና የነቀዘ ፍሬ የበዛበትም አይገዛም። በጥርስ ሲነከስ ጠንካራ መሆን አለበት፤ ከለሰለሰ በደንብ አልደረቀም።

በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጁገል ውስጥ፣ ቆልተው የሚሸጡ አሉ። ዘይት እስኪያወጣ አያስቆሉት፤ ያ ሁሉ የፍሬ ቃና በጭሱ ይሄዳል። ቡናማ ሲሆን ይውረድ። አንድ ኪሎ ጥሬ ሲቆላ 850 ግራም ገደማ ነው የሚወጣው፣ ሚዛኑ ጎደለ ብለው ከሻጩ ጋር አይጣሉ። ትኩሱን በፌስታል ማሰር ያልበዋል፤ መጀመሪያ ይብረድ። ለድሬ ሙቀት የሚበጀው ጥሬውን ወስዶ የሳምንቱን ብቻ እየቆሉ መጠጣት ነው።

የጅብ ማብላቱ ከመሸ በኋላ፣ 1 ሰዓት አካባቢ ነው። ያኔ ወደ ድሬ የሚመለስ ሚኒባስ ይሳሳል፤ ማየት የፈለገ ጁገል ውስጥ በሐረሪ ቤት ቢያድር ይመረጣል። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ መቀመጫውም እንደ ደረጃ የተሠራው ነደባ ነው።