የጫት ሱስን በሽልማት ለምታክመው የደሴዋ ሲስተር

ከጫት ጋር የሚታገል ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ደሴ ላይ አንዲት የአእምሮ ጤና ነርስ አለችና እንጠቁማችሁ። ስሟ እንዲጠራ አልፈለገችም። ሲስተርዬ፣ አላህም እግዜርም ይስጥሽ!

ለጫት ሱስ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት የለም። እሷ የምታክመው በሽልማት ነው። ታካሚው ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ልክ በበርጫው ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ይመጣና እስከ 11 እዚያው ይቆያል። ክፍሉ ውስጥ ዕጣን አይጨስም፣ ቡናም አይፈላም፤ ሽታው ብቻውን ሀራራ ይቀሰቅሳል። 11 ሰዓት ሲሞላ፣ ሳይወጣ፣ ማሰሮ ውስጥ እጁን ከቶ ዕጣ ያወጣል። ከ100 ወረቀት 50ው ላይ "ጎበዝ!" ብቻ ተጽፏል፤ 42ቱ ሳሙና ወይም የሞባይል ካርድ፣ 7ቱ አንድ ሊትር ዘይት፣ 1ዱ ጋቢ ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ናንሲ ፔትሪ ያስተዋወቀችውን የ500 ወረቀት ዕጣ ለእኛ አቅም ያሳጠረችው ነው።

መጀመሪያ ቀን 1 ዕጣ፣ ቀጥሎ 2፣ ከዚያ 3 ያወጣል። ከቀረ ወይም አቋርጦ ከወጣ ወደ 1 ይመለሳል፤ የወሰደውን ግን ማንም አይነጥቀውም። ቁጣ የለም፤ "ረቡዕ እንጠብቅሃለን" ይባላል፣ በቃ።

ቤተሰብ በራሱ ሲሞክረው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። "ወሩን ሙሉ ካልቃምክ ጫማ እገዛልሃለሁ" ይሉታል። ሀራራ የያዘው ሰው የሚታየው የዛሬ ከሰዓት እንጂ የወር መጨረሻ አይደለም። ጥሬ ብር ከሰጣችሁት ደግሞ ዞሮ ጫት ተራ ይገባል።

"ፊቱ ተመልሷል" ብሎ በግምት መሸለምም አያዋጣም። ለአምፌታሚን ወይም ለኮኬይን ከ2 እስከ 3 ቀን ድረስ የሚያሳይ የሽንት ምርመራ አለ፤ ለጫት ግን በየክሊኒኩ የሚገኝ አስተማማኝ መመርመሪያ የለም። ስለዚህ የምትሸልመው በዓይኗ ያየችውን፣ ሳይቅም የቆየበትን 3 ሰዓት ነው። ማታ ቤቱ ቢቅምስ? ያንን ዕጣው አይዘውም፣ በምክሩ ሰዓት ነው የሚነሳው። ይህን ለቤተሰብ ሳትሸፋፍን መናገሯን ከሁሉም በላይ እናከብርላታለን።

"ዕጣ ቁማር አይሆንም ወይ?" ለምትሉ፣ ማንም ከኪሱ የሚያስይዘው ነገር የለም። ልቡ ካልፈቀደለት ግን ማሰሮውን ትቶ በየጊዜው ከፍ የሚል የሱቅ ኩፖን ይወስዳል። ወዳጃ (ጫት እየተቃመ የሚደረገው የወሎ የዱዓ ስብስብ) የሚቀመጡ አባቶችንም አትነቅፍም።

የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ዱካክ፣ ማለትም ጫት ሲቀር የሚመጣው ቅዠት አለ፣ እንቅልፍም ይዛባል። ባሰበት ብላችሁ እንዳታስቀሩት። ጨብሲውንም፣ ማለትም ከጫት በኋላ የሚጠጣውን፣ አብራችሁ ንገሯት፣ መጠጡ ብቻውን እንዳይቀርበት። አድራሻዋን በውስጥ መስመር ጠይቁን፤ የመጀመሪያ ቀን ከቤተሰብ አንድ ሰው አብሮት ይምጣ።