«አልሠራውም» ያለኝ ኤሌክትሪሺያን

መጀመሪያ ስለመጣው ሰውዬ ላውራ። የኤሌክትሪክ ምድጃውን በከፈትን ቁጥር ብሬከሩ እየወረደ አስቸገረን ስንለው፣ ብዙም ሳያይ የ16 አምፔሩን ነቅሎ የ32 አስገባልን። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ምድጃው ሠራ፣ እኛም «ወይ ባለሙያ!» ብለን ሸኘነው።

በሳምንቱ ሶኬቱ ጋ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ።

ይህን የምጽፈው ስለ ሁለተኛው ነው። ካቻቪቴ ሳያነሳ በፊት የሽቦውን ውፍረት አየ፤ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር። ምድጃችን 4000 ዋት ነው፣ በ220 ቮልት 18 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ለዚህ ቀጭን ሽቦ ይበዛበታል። «ብሬከሩ የሚጠብቀው እኮ ምድጃውን አይደለም፣ ሽቦውን ነው» አለኝ። የ32ቱ ሲገባ ሽቦው ጠባቂ አጥቷል፣ ግድግዳ ውስጥ እየጋለ ብሬከሩ ዝም ይላል ማለት ነው። ወር እስኪያልቅ እንዲሁ ተወው፣ ሶኬቱን ብቻ ቀይርልን ብዬ ለመንኩት።

«አልሠራውም።»

የምከፍለው እኔ ነኝ አልኩት። «ቢከፍሉም አልሠራውም፤ ነገ ቤቱ ቢቃጠል ማን ነክቶት ነበር ሲባል እኔ ነኝ የምጠየቀው» አለ። እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ።

ንዴቴ ሲበርድ ነው ነገሩ የገባኝ። አብርሃም ፍሌክስነር የተባለ አሜሪካዊ የትምህርት ሰው በ1915 እ.ኤ.አ. ማኅበራዊ ሥራ ሙያ ነው ወይ ብሎ ንግግር አድርጎ ነበር። መለኪያ ደረደረ፦ ከትምህርት የመነጨ እውቀት፣ የግል ኃላፊነት፣ በማኅበር መደራጀት፣ ከኪስ ይልቅ ለሰው ማሰብ። ማኅበራዊ ሥራን ገና ነው አለው፣ የቧንቧ ሥራንም አላስገባም። የኔ ሰውዬም በሱ ወንፊት የሚያልፍ አይመስለኝም። ግን እዚያው ንግግር መጨረሻ ላይ ዋናው የሙያ መንፈሱ ነው ብሎ በሩን መልሶ ከፈተው (ምነው ከዚህ በጀመረ!)።

እኛ «ሙያ በልብ ነው» እንላለን። ፈረንጆቹ ለሙያ የሚሉት «ፕሮፌሽን» ግን ከላቲን የመጣ ነው፣ በአደባባይ ቃል መግባት ማለት ነበር። በልብ ያለውን ማንም አይጠይቅህም፣ በአደባባይ ለገባኸው ቃል ግን ትጠየቃለህ። ሐኪም ፈቃዱን ሊነጠቅ ይችላል። የመጀመሪያው ሰውዬ ምን ይነጠቃል? ስልኩን ቀይሮ ሌላ ሰፈር ይሠራል። ሁለተኛውም ቢሆን ፈቃድ ይኑረው አይኑረው አልጠየቅኩትም፣ ከፋዩን እምቢ ሲል ግን ቃል እንደገባ ሰው ነበር።

በመጨረሻ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ዘርግቶ የ25 አምፔር ብሬከር ገጠመልን፣ እያንዳንዱ ብሬከር የምን እንደሆነም በእጁ ጽፎ ለጠፈበት። ዋጋው ከመጀመሪያው በብዙ ይበልጣል፣ አልደብቅም። ከአምስት አራት ኮከብ። አንዱን የቀነስኩት ግድግዳውን ሰርስሮ አቧራውን ሳይጠርግ ስለሄደ ነው፣ ስልክም ቶሎ አያነሳም።