ወደ ጎንደር ስትመጡ፦ በኢትዮጵያ ወይስ በውጭዎቹ?

ገና ሲቃረብ ከውጭ ያለ ዘመድ ሁሉ ስልክ ይደጋግማል። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። «በኢትዮጵያ ልምጣ ወይስ በኤሚሬትስ?» አንዱ ኳታርን ያነሳል፣ ሌላው ተርኪሽን፣ ጀርመን ያለው ደግሞ ሉፍታንዛን። መልሱ ብዙውን ጊዜ በስሜት ነው የሚሰጠው። አንድ አጎት «የራስህን ትተህ የሰው ታበለጽጋለህ?» ይላል። የአጎቱ ልጅ ደግሞ «ባንዲራ ዋጋ አይቀንስልኝም» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። ግን ጎንደር ለሚወርድ ሰው ሁለቱም ዋናውን ነገር ዘለውታል።

ቦሌ የሚያደርሳችሁ አየር መንገድ ሞልቷል። አዘዞ የሚያወርዳችሁ ግን አንድ ነው። አዘዞ ባለው በጎንደሩ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ኤሚሬትስም ኳታርም ተርኪሽም አያርፉም። በየትኛውም ብትመጡ የመጨረሻዋን አንድ ሰዓት ገደማ የምትበሩት በኢትዮጵያ ነው፤ ያቺም 80 ሰው እንኳ የማትጭነው ባለ ፕሮፔለሯ ኪው400 ናት አብዛኛውን ጊዜ። ስለዚህ ዋጋ ስታወዳድሩ እስከ ቦሌ ያለውን ብቻ ካያችሁ ግማሹን ነው ያያችሁት።

አንድ ቲኬት ወይስ ሁለት?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ነውና።

በውጭ አየር መንገድ እስከ አዲስ አበባ ትቆርጣላችሁ። የጎንደሩን ለብቻው ትገዛላችሁ። ድምሩ ረከሰ፣ ደስ አላችሁ። አሁን የዱባዩ በረራ ሦስት ሰዓት ዘገየ እንበል። ቦሌ ስትደርሱ የጎንደሩ ሄዷል። ያዘገያችሁ አየር መንገድ «እኔ አዲስ አበባ አድርሻለሁ» ይላል፣ እውነቱን ነው። የጎንደሩም «መንገደኛው በሰዓቱ አልቀረበም» ይላል፣ እሱም እውነቱን ነው። መሀል ላይ የቀራችሁት እናንተ ናችሁ። ሆቴሉም አዲሱ ቲኬትም ከኪሳችሁ ነው። ሁሉም በአንድ ቲኬት ላይ ቢሆን ኖሮ ግን ቀጣዩ በረራ ላይ የማስቀመጡ ጣጣ የእነሱ ነበር።

ጓዙም እንደዚያው ነው። በአንድ ቲኬት ሲሆን ከውጭ ይዛችሁት የተነሳችሁት ሁለት ሻንጣ እስከ ጎንደር ይፈቀድላችኋል። በሁለት ቲኬት ሲሆን ግን ቦሌ ላይ የአገር ውስጥ መንገደኛ ትሆኑና በአገር ውስጥ ኪሎ ትመዘናላችሁ። ለሠርግ የመጣ ሰው የሚጭነውን ታውቁታላችሁ፣ ትርፍ ኪሎው ያገኛችሁትን ቅናሽ ጠራርጎ ሊበላው ይችላል።

አክስቴ የደረሰባት ይህ ነው። በአንድ የውጭ አየር መንገድ መጣች፣ ስሙን ልተወው። ሻንጣዋ መንገድ ላይ ቀረ። ከቀናት በኋላ ተገኘ ተባለ። «ጎንደር ላኩልኝ» ስትል «ቲኬቱ የሚለው አዲስ አበባ ነው» አሏት። በመጨረሻ ሰሚት ያለው የወንድሟ ልጅ ቦሌ ሄዶ ተረከበ፣ ወደ ጎንደር የሚመጣ ሰው እስኪገኝ ቤቱ አስቀመጠው። እትዬ የመጣችበት ሠርግ አልቆ፣ መልሱም አልፎ፣ የሚለበሰው ቀሚስ ያኔ ገባ።

ስለዚህ ሻንጣ ስታስረክቡ እጀታው ላይ የሚታሰረውን ወረቀት በዓይናችሁ እዩት። በትልቁ ሦስት ፊደል አለበት። ጂዲኪው ካለ ጎንደር ነው፣ ኤዲዲ ካለ አዲስ አበባ። ከሻንጣው ከመለያየታችሁ በፊት ጠይቁ።

«የጎንደሩ በረራ ቢያልፈኝ በመኪና እሄዳለሁ» የሚል አይጠፋም። በሰላሙ ጊዜ እሺ። ከአዲስ አበባ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የአባይን በረሃ ወርዶ መውጣት አለው፣ አሁን ደግሞ መንገዱ ያለበትን ሁኔታ እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በረራውም ራሱ ለቀናት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ አንድ ቲኬት የያዘ ሰው ሄዶ የሚጠይቀው አካል አለው።

ሌላም አለ። ከውጭ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ለሚገባ መንገደኛ የአገር ውስጡን በረራ በቅናሽ መሸጥ የቆየ አሠራር ነው። የውጭ ፓስፖርት የያዛችሁ ይህን ሳትጠይቁ ሁለቱን ለያይታችሁ እንዳትገዙ። ኢትዮጵያም አባል በሆነበት የአየር መንገዶች ማኅበር፣ በስታር አሊያንስ ውስጥ ባሉት፣ ማለትም በሉፍታንዛ፣ በተርኪሽ ወይም በግብፅ አየር መንገድ የምትመጡም የጎንደሩን በረራ እዚያው ቲኬት ላይ ማስገባት ይቻል እንደሆነ ቲኬት ቆራጩን ጠይቁት። ከተቻለ ከላይ ያወራሁት ጣጣ አብዛኛው ይቀራል።

እናቶቻችንን ወደ ውጭ ስንልክ

ይህ ለብቻው መታየት አለበት። ለወጣት የሚሆነው ለእማማ አይሆንም።

እንግሊዝኛ ለማያነቡ፣ አውሮፕላን የመጀመሪያቸው ለሆነ ሰው ዱባይን ወይም ኢስታንቡልን ለብቻ ማቋረጥ ቀላል አይደለም። የሕንፃው ስፋት፣ በር ቁጥሩ ሲቀያየር፣ አንዳንዱ ጋ ደግሞ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው በባቡር ነው የሚኬደው። በኢትዮጵያ ሲሄዱ የሚቀያየሩት ቦሌ ላይ ነው። «ልጄ፣ የዋሽንግተኑ የት ነው?» ብለው በአማርኛ ይጠይቃሉ፣ አለቀ። እኔ ለወላጆቼ ምንም ቅናሽ ቢመጣ ይህን አልለውጥም።

የግድ በሌላ የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ ቲኬቱ ሲቆረጥ ዊልቸር ጠይቁላቸው። ክፍያ የለውም። እግራቸው ደህና ቢሆንም ረጅም መንገድ መሄድ የሚከብዳቸው ከሆነ ይገባቸዋል። የሚገፋው ሰው ከበር ወደ በር ይዟቸው ስለሚሄድ የመጥፋቱ ስጋት ይቀንሳል።

ወደ አሜሪካ ሲሆን አንድ ነገር አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ከአዲስ አበባ ወደዚያ የሚሄድ በረራ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ የሚሞላበት ጊዜ አለ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን ሙሉ ጓዝ፣ ሙሉ ሰው፣ ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን ቀጥታ አዲስ አበባ ነው። ይህን ያልተነገራቸው እናት መሀል መንገድ ላይ «ደረስን» ብለው ሻንጣ ሊያወርዱ ይነሳሉ።

በአውሮፓ በኩል የሚያልፍ ቲኬት ረክሶ ካገኛችሁ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ፓስፖርቱን እዩ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን አገሮች አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ፣ ከአየር ማረፊያው ሳይወጣ እንኳ፣ የመተላለፊያ ቪዛ ይጠየቃል። የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ በእጁ ያለው ከዚህ ነፃ ነው። ሌላው ግን ቦሌ ላይ ነው የሚመለሰው፣ ፍራንክፈርትን እንኳ ሳያይ። ተርኪሽ ረጅም ቆይታ ላለው መንገደኛ ኢስታንቡልን በነፃ ያስጎበኛል መባሉም እውነት ነው፤ ከተማው ለመግባት ግን ቱርክ በፓስፖርታችሁ የምትጠይቀውን ማሟላት አለባችሁ። ስጦታው ለሁሉም እኩል አይደለም።

የውጭዎቹ የሚበልጡበት

አለ፣ ለምን እንዋሻለን። ዱባይ የምትመላለሱ ነጋዴዎች በደንብ ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባ–ዱባይ ላይ ኢትዮጵያም ኤሚሬትስም ፍላይዱባይም ስላሉ ዋጋው ይፎካከራል። አዲስ አበባ ሥራ ኖሯችሁ አንድ ሁለት ቀን የምታድሩ ከሆነ ከላይ ያልኩት የአንድ ቲኬት ነገር ብዙም አይነካችሁም። የረከሰውን ውሰዱ፣ ማንም ከዳተኛ አይላችሁም። የጎንደሩን ስትቆርጡ ግን በዚያው ቀን አታድርጉት።

ወደ ሩቅ ምሥራቅ ወይም ኢትዮጵያ ቀጥታ ወደማይበርባቸው የአሜሪካ ከተሞች ስትሄዱም የባሕረ ሰላጤዎቹ መረብ ሰፊ ነው፣ በአንድ ማቆሚያ ያደርሳሉ። የስክሪኑም የፊልሙም ምርጫ እዚያ ይሻላል ይላሉ። ለእኔ ይህ ሚዛን አይደፋም፣ እኔ አውሮፕላን ላይ ተኝቼ ነው የምደርሰው።

አንድ ድክመታቸው ግን ጎንደር ላይ ይታያል። ቢሯቸው አዲስ አበባ ነው። ቀን መቀየር ቢያስፈልጋችሁ ወይ መደወል ነው፣ ወይ ቲኬቱን የሸጠላችሁን ኤጀንት መለመን። የኢትዮጵያን ከሆነ ከተማ ውስጥ ቢሮ ገብታችሁ ፊት ለፊት ትነጋገራላችሁ፤ በአፑም በቴሌብር ይከፈላል።

ጾሙ

ከገና በፊት የሚመጣ ሰው የሚበረው በጾመ ነቢያት ነው። ኢትዮጵያ ላይ የጾም ምግብ አዲስ ነገር አይደለም። ሌሎቹም አላቸው፣ ግን ከበረራው ቢያንስ 24 ሰዓት አስቀድሞ መታዘዝ አለበት። ስታዝዙ «ቬጀቴሪያን» ብቻ አትበሉ፣ አይብ ወይም እንቁላል ይዞ ከች ይላል። የሚታዘዘው «ቬጋን» ነው፣ ኮዱም ቪጂኤምኤል ይባላል።

ስለ ታማኝነት

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 በአሥመራ በኩል ካይሮ ደረሰ። ድሪምላይነርን ከአፍሪካ ቀድሞ ያበረረው እሱ ነው። በኮሮና ጊዜ ስንቱ ትልቅ አየር መንገድ መንግሥቱን ሲለምን የመንገደኛ አውሮፕላኖቹን ለጭነት አውሎ ያለ ድጎማ ወጣ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. 157 ሰው ያለቀበትን የናይሮቢውን በረራም እንደ ቤተሰብ ሐዘን ነው የተቀበልነው። እዚህ ከተማ ውስጥ አሁንም ድረስ የአውሮፕላኑን ዓይነት ጠይቆ የሚቆርጥ ሰው አለ። እንግዲህ «የእኛ» የሚለው ስሜት ከባዶ አልመጣም።

ግን ፍቅር ሌላ፣ ግዢ ሌላ። ጎንደር ላይ ተፎካካሪ የለውም። ተፎካካሪ የሌለው ሻጭ ደግሞ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ደንበኛውን ለማስደሰት እንቅልፍ አያጣም። ዱባይ መስመር ላይ የምታዩትን የዋጋ ፍክክር አዘዞ ላይ አትጠብቁ። እኔ የምመርጠው ስለምወደው ሳይሆን እስከ በሬ ስለሚያደርሰኝ ነው። ነገ ሌላው ቢያደርሰኝ ቆም ብዬ አስብበታለሁ።

ታማኝነታችሁ እንዲከፈላችሁ ከፈለጋችሁ ሸባማይልስ፣ ማለትም በበረራችሁ ልክ ማይል በሚያጠራቅምላችሁ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ፕሮግራም ተመዝገቡ፣ ነፃ ነው። ብዙዎች የማያውቁት ግን ኢትዮጵያ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የስታር አሊያንስ አባል ነው። በሉፍታንዛ ወይም በተርኪሽ ስትበሩም የሸባማይልስ ቁጥራችሁን ብትሰጡ ማይሉ እዚያው ይጠራቀማል፤ በጣም የረከሰው ቲኬት ላይ ትንሽ ሊሆን ወይም ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ጎልድ የሚባለው የአባልነት ደረጃ ከደረሳችሁ የእረፍት ክፍሉና ተጨማሪ ጓዙ በአባላቱ ሁሉ ይሠራል። ኤሚሬትስና ኳታር ግን ከዚህ ማኅበር ውጭ ናቸው፣ የእነሱ ማይል ለብቻው ነው። በዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ ሰው ማይሉን በሦስት ቦታ ከበታተነው የትም አይሞላለትም፣ ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ይቃጠላል።

ለጥምቀት ለምትመጡ ደግሞ አካሄዱ ይገለበጣል። ጥር 11 ሲደርስ መጀመሪያ የሚያልቀው የዋሽንግተኑ ወይም የዱባዩ ወንበር ሳይሆን የጎንደሩ ነው፣ አውሮፕላኗ ትንሽ ናትና። ስለዚህ መጀመሪያ ጎንደር የምትገቡበት ቀን ወንበር እንዳለ አረጋግጡ፣ ከዚያ የውጭውን ዋጋ አወዳድሩ። ቲኬቱ ላይ 07:00 ካለ በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ሊቀበሏችሁ አዘዞ የሚወጡት ሰዎች 7 ሰዓት መስሏቸው ቤት ቡና እንዳያፈሉ፣ በእኛ አቆጣጠር ንገሯቸው።