ኤአርቲ ክፍል በአንድ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ዓይን

ሰው ስለ ሆቴልና ስለ ጋራዥ አስተያየት ይጽፋል። እኔ ከየትኛውም ጋራዥ በላይ የቆየ ደንበኝነት ያለኝ ከኤአርቲ ክፍል፣ የኤችአይቪ መድኃኒት ከሚሰጥበት ክፍል ጋር ነው። ስለ እሱ ልጻፍ።

አዳማ ነው የምኖረው። ተሳቢ ይዤ የጅቡቲን መስመር እሠራለሁ። መድኃኒት የጀመርኩት በ1999 ዓ.ም ነው። መንግሥት በነፃ መስጠት የጀመረው ጥር 1997 ላይ ነበር። ከዚያ በፊት በገንዘብ ነበር የሚገዛው። ስንቱ ከብቱን ሸጦ ጀምሮ፣ ብሩ ሲያልቅ እንዳቆመ የዚያን ጊዜ ሰው ያውቃል።

ስለ ክኒኑ ባጭሩ። ያኔ ጧትና ማታ ነበር። ስታቩዲን የሚወስድ ሰው ጉንጩ ይጎደጉዳል፣ እግሩን ያቃጥለዋል። በኋላ በቀን አንድ ፍሬ መጣ። እሱ ደግሞ ኢፋቪረንዝ አለበት፣ ማታ ውጠህ መተኛት ነው። ያዞራል፣ ቅዠቱም አይጣል ነው። ሌሊት ለሚነዳ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። የአሁኑ ዶሉቴግራቪር ያለበት ምንም አይለኝም። ቦርጭ አውጥቻለሁ፤ ከመድኃኒቱ ይሁን ከሚሌ ጥብስ እንጃ።

ዋናው ነገር ግን ክትትሉ ነው። ብዙ ሰው ኤአርቲ ክፍል ክኒን የሚታደልበት መስኮት ይመስለዋል። ትልቁ ሥራ ያለው መዝገቡ ላይ ነው። ስትጀምር የራስህ ቁጥር ይሰጥሃል። በዚያ ወር ካንተ ጋር የጀመሩት ሁሉ እንደ አንድ ምድብ ይያዛሉ። 6 ወር፣ 12 ወር ሲሞላ ይቆጠራሉ። ስንቱ እየወሰደ ነው? ስንቱ ሞተ? ስንቱ ተዛወረ? ስንቱ ጠፋ? የየጤና ጣቢያው ቁጥር ተደምሮ እስከ ጤና ሚኒስቴር ይደርሳል። አገሪቱ ፕሮግራሙ እየሠራ መሆን አለመሆኑን የምታውቀው ከዚህ ነው። ይህን ያስረዳችኝ አንዲት ሲስተር ናት። «ጋሼ፣ እርስዎ ሲቀሩ እኮ የእኛም ውጤት ይወርዳል» ብላ ስቃብኛለች።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። አንድ ጊዜ ጭነት ወደብ ላይ ተይዞብኝ ብዙ ቆየሁ። መድኃኒቴ ሳያልቅ መንገድ ላይ ካለ ጤና ጣቢያ ገባሁ። ካርዴን አሳየሁ፣ ለጥቂት ሳምንት የሚሆን ሰጡኝ። አንድም ቀን አላቋረጥኩም። አዳማ ስመለስ መዝገቡ ላይ «ጠፍቷል» ተብያለሁ! አንዱ የሰጠኝን ሌላው የሚያይበት መንገድ አልነበረም። ይሄ የእኔ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ለቀን ሥራ አገር የቀየረው፣ የዝውውር ወረቀት ሳይዝ ዘመድ ጋ የሄደው፣ እቤቱ ተኝቶ መድኃኒት የተወው፣ ማንም ሳይሰማ የሞተው፣ ሁሉም አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። እንግዲህ ከዚያ ሳጥን ተነስቶ ፕሮግራሙን መገምገም ምን ያህል እንደሚያስቸግር አስቡት።

ሳጥኑን የሚፈትሹት ኬዝ ማናጀሮች፣ ማለትም ታካሚውን የሚከታተሉትና የጠፋውን የሚፈልጉት ሠራተኞች ናቸው። ለእነሱ ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ። የእኛዋ ራሷ መድኃኒቱን የምትወስድ ሴት ናት። ቀጠሮ ካለፈ ትደውላለች። «ጋሼ ደህና ነዎት? ያ ዕቃ ደርሷል፣ መቼ ይወስዱታል?» ትለኛለች። አጠገቤ ያለው ረዳቴ የመለዋወጫ ጉዳይ ነው የሚመስለው። ጠበል ገብተው መድኃኒት የተዉትን አግባብተው የመለሱም እንደሷ ያሉ ሰዎች ናቸው። አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም አብሮ ይሄዳል ማለታቸው ለዚህ ሥራ ብዙ አግዟል።

ጥር 2017 ላይ አሜሪካ እርዳታዋን ስታቆም፣ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ ወደ 5 ሺህ የሚሆኑ የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ ተወሰነ። እኛ ጋ ክኒኑ አልተቋረጠም። ስልኩ ግን ለተወሰነ ጊዜ ዝም አለ። ቀጠሮ ያለፈበትን ሰው የሚፈልገው ማን እንደነበር ብዙዎቻችን የገባን ያኔ ነው።

ሌላው የቫይራል ሎድ ነገር ነው። ድሮ ሲዲ ፎር፣ የሰውነት መከላከያ ሴል ቁጥር ማለት ነው፣ እየተለካ በግምት ነበር የምንሄደው። አሁን የቫይረሱ መጠን ራሱ ይለካል፣ ለተረጋጋ ሰው በዓመት አንዴ። ትልቅ ለውጥ ነው። ደሙ ከጤና ጣቢያው ተቀድቶ በፖስታ ቤት በኩል ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ችግሩ የውጤቱ መመለሻ ላይ ነው። እንደ እኔ የስድስት ወር መድኃኒት የሚሰጠው ሰው ውጤቱን የሚሰማው በቀጣዩ ቀጠሮ ነው። ቫይረሱ ከፍ ብሎ ከተገኘ ምክር ተሰጥቶህ ከሦስት ወር በኋላ ይደገማል፣ ካስፈለገ መድኃኒት ይቀየራል። ውጤቱ ፋይል ውስጥ ከተኛ ይሄ ሁሉ አብሮ ይተኛል። ባንኩ ሃምሳ ብር ሳወጣ መልእክት ይልክልኛል። «ቢሮ ብቅ ይበሉ» የሚል አንድ መስመር መላክ ምኑ ይከብዳል?

የስድስት ወሩ ቀጠሮ ራሱ ግን ለእኛ ለሹፌሮች ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው። ያልተሰጣችሁ ካላችሁ ጠይቁ። ሩቅ ስትወጡም የካርዳችሁን ፎቶ ስልካችሁ ላይ ያዙ። ስትመለሱ ከሌላ ቦታ የወሰዳችሁትን ንገሯቸው፣ መዝገባችሁ ላይ እስኪጽፉትም ከመስኮቱ አትነሱ።