ዩሮ 6 ትንሽ የቤንዚን መኪና፦ ወራት ከነዳኋት በኋላ

መኪናዋ ባለ 1.0 ሊትር ቱርቦ ናት፣ ሶስት ሲሊንደር፣ ማንዋል ማርሽ። የፊት ወንበሯ ይመቻል፣ የኋላው እግሩ ረዘም ላለ ሰው ይጠባል፣ ስለ ምቾት ይሄው በቂ ነው። እኔ የገዛኋት ለጭሷ ብዬ ነው፣ ልጄ አስም አለበት፣ ስለዚህ ስለሱ በደንብ ልፃፍ።

መጀመሪያ ዩሮ 6 የአውሮፓ የመኪና ጭስ ደረጃ ነው፣ ነዳጅ ቆጣቢ ማለት አይደለም። ደረጃው የሚገድበው ጤና የሚጎዳውን ነገር ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ያልተቃጠለ ነዳጅ፣ ናይትሮጅን ኦክሳይድና ብናኝ። ናፍጣ ላይ ለውጡ ትልቅ ነው፣ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጣሪያው ከሱ በፊት ከነበረው ዩሮ 5 በኪሎሜትር ከ180 ሚሊግራም ወደ 80 ወረደ። ቤንዚን ላይ ግን ዩሮ 5ም 60 ነበር ዩሮ 6ም 60 ነው፣ እና ምን ተሻሻለ ካላችሁ መልሱ ብናኙ ነው። ነዳጅ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩት እንደኔዋ ያሉ ሞተሮች በጣም ደቃቅ ብናኝ ያወጣሉ፣ መጀመሪያ ላይ ዩሮ 6 በኪሎሜትር እስከ 6 ትሪሊዮን ፍሬ ይፈቅድላቸው ነበር፣ በኋላ ወደ 600 ቢሊዮን ወረደ፣ አስር እጥፍ ማለት ነው! ለዚህ ነው ብዙዎቹ አዳዲሶቹ ላይ የብናኝ ፊልትሮ የሚገጠመው። ስለዚህ ያገለገለ ልትገዙ ከሆነ "ዩሮ 6" የሚለውን ብቻ አይታችሁ አትለፉ፣ ፊልትሮው አለ ወይ በሉ፣ በተለይ ከ2018 (በፈረንጆች) በፊት የተሰራ ከሆነ። ቮልስዋገን የናፍጣ መኪኖቹን የላብራቶሪ የጭስ ምርመራ በሶፍትዌር ሲያታልል የተያዘበት የ2015 ጉድ ከወጣ በኋላ ደግሞ ከ2017 ጀምሮ (ሁሉም በፈረንጆች ነው) አዳዲስ ሞዴሎች ላብራቶሪ ብቻ ሳይሆን መንገድ ላይም መሳሪያ ተገጥሞባቸው ነው የሚለኩት፣ እኔ የማምነው እነዚህን ነው።

አነዳድ ላይ ያየሁት፣ ጠዋት ስትነሳ ለትንሽ ጊዜ ሞተሩ ከፍ አድርጎ ይሽከረከራል፣ ብልሽት አይደለም፣ ካታሊስቱን፣ ማለትም ጭሱ ውስጥ ያለውን መርዛማ ጋዝ የሚቀንሰውን ክፍል፣ ቶሎ ለማሞቅ ነው ምክንያቱም 300 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ በደንብ አይሰራም። ከመኪናዋ የሚወጣው መጥፎ ጭስ በብዛት የዛች ሰዓት ነው እና ቆማ እንድትሞቅ አልተዋትም፣ ወዲያው ቀስ ብዬ እነዳለሁ፣ ጉዳዮቼንም በአንድ ዙር ነው የምጨርሰው።

አጭር አጭር መንገድ ብቻ በነዳሁበት ሰሞን የፊልትሮው መብራት በራ። ረጅም መንገድ ወጥቼ፣ ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ማርሽ ውስጥ እያለች እግሬን ከነዳጁ እያነሳሁ ነዳሁ፣ ጠፋ። እግር ሲነሳ ነዳጅ ይቋረጥና ንፁህ አየር ገብቶ የተጠራቀመውን ጥቀርሻ ያቃጥለዋል። ሁሌ ሰፈር ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሰው ይሄ ሊያስቸግር ይችላል፣ እውነቱን ነው የምናገረው።

ዘይት ላይ አትደራደሩ። ማኑዋሉ የሚጠይቀው አመዱ ዝቅተኛ የሆነውን የ"ሲ" ምድብ ነው። አንድ ጋራዥ "ዘይት ዘይት ነው" ብሎ ሌላ ሊሞላልኝ ሲል እምቢ ብያለሁ፣ ጥቀርሻ ይቃጠላል፣ የዘይት አመድ ግን አይቃጠልም፣ ፊልትሮው ውስጥ እንደተቀመጠ ይቀራል።

ማርሚታዋ ጫፍ ላይ ጣት ሲያስገቡ ጥቁር ነገር አይወጣም ማለት ይቻላል። ፊልትሮውን አስነቅለው ጉልበት ትጨምራለህ ያሉኝም አሉ፣ ጉልበቷ ለኔ በቂ ነው፣ ባይበቃም አላስነቅልም፣ ያ ብናኝ የሚሄደው ከኋላዬ በእግሩ የሚሄድ ሰው አፍንጫ ውስጥ ነው።