መድረክ ላይ የበሰለው አልበም

የእንግሊዙን ሮክ ባንድ ፒንክ ፍሎይድን ለመጀመሪያ ጊዜ ማድመጥ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን» ይጀምራል፤ ምርጫውም የሚያስወቅስ አይደለም። እኔ ግን ከአልበሙ ጋር አንድ የኮንሰርት ቅጂ አብሮ እንዲገዛ እመክረዋለሁ፤ ምክንያቱም ይህ ሥራ ስቱዲዮ ውስጥ አልቆ ወደ መድረክ የወጣ ሳይሆን፣ ሕዝብ ፊት ሲሞከርና ሲታረም ከርሞ ወደ ስቱዲዮ የገባ ነው።

ባንዱ በጃንዋሪ 1972 ብራይተን ከተማ ውስጥ ሥራውን ከዳር እስከ ዳር ለመጫወት ሞክሮ፣ የቴፕ መሣሪያው እምቢ ስላለው መሀል ላይ ለማቋረጥ ተገድዷል። በወሩ ለንደን በሚገኘው ሬይንቦው ቲያትር ሙሉውን ሲያቀርብም አልበሙ ሊወጣ ገና ከአንድ ዓመት በላይ ይቀረው ነበር። ዛሬ በሲንተሳይዘር ሲሽከረከር የምንሰማው «ኦን ዘ ረን» ያኔ የጊታር ጨዋታ ነበር፤ «ዘ ግሬት ጊግ ኢን ዘ ስካይ» ደግሞ የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች የሪቻርድ ራይት ኦርጋን ከመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ጋር የሚሰማበት ክፍል ነበር። ዘፋኟ ክሌር ቶሪ አንዲት ቃል ሳትናገር በድምጿ ብቻ የምታንጎራጉረውና የምትጮኸው በኋላ፣ አቢ ሮድ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ለዚያ ሥራ የተከፈላት 30 ፓውንድ ሲሆን፣ ስሟ በደራሲነት የተመዘገበው ፍርድ ቤት ከሄደች በኋላ በ2005 በተደረሰ ስምምነት ነው።

ስቱዲዮው የጨመረውን ለመረዳት «መኒ»ን በጥሩ ማዳመጫ መስማት ይበቃል። የሳንቲሙ መንኳኳት፣ የወረቀቱ መቀደድና የገንዘብ መመዝገቢያው ድምፅ የተቀረጹባቸው የቴፕ ቁርጥራጮች በማስመሪያ እየተለኩ ተቆርጠው እንደ ቀለበት ተያይዘዋል፤ ዘፈኑም በዚያው በሰባት ምት ይሄድና ዴቪድ ጊልሞር ጊታሩን ሲያነሳ ወደ አራት ይለወጣል። በሸክላም ሆነ በሲዲ ይህ ትንሽ ሽግግር ሁልጊዜ ያስደስተኛል።

አብሮ ይገዛ ያልኩት ቅጂ በኖቬምበር 1974 ዌምብሌይ ላይ የተቀዳውና በ2023 ለብቻው የወጣው ነው። በስቱዲዮ ሦስት ደቂቃ ተኩል የማይሞላው «ኤኒ ከለር ዩ ላይክ» እዚህ ከእጥፍ በላይ ረዝሟል፤ አራቱም ሰዎች እርስ በርስ እየተደማመጡ ሲጫወቱ ይሰማል። የክሌር ቶሪን ቦታ ሁለት ዘፋኞች ወስደውታል፤ ለእኔ የመጀመሪያዋን አይተኩም።

ሌላው የባንዱ አልበም «ዘ ዎል» (ግንቡ) ነገሩን ይገለብጠዋል። በ1977 ሞንትሪያል ውስጥ የባንዱ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ሮጀር ዋተርስ በአንድ ተመልካች ላይ ምራቁን ከተፋ በኋላ፣ በባንዱና በሕዝቡ መካከል ግንብ የመገንባት ሐሳብ መጣለት፤ የ1979ኙ ድርብ አልበምም ከዚያ ተወለደ። በ1980 እና 1981 በተደረጉት 31 ኮንሰርቶች ሠራተኞች የካርቶን ጡቦችን እየደረደሩ መድረኩን ሙሉ በሙሉ ይጋርዱት ነበር። ከባንዱ ተባሮ በደመወዝ ተቀጥሮ ይጫወት የነበረው ራይት፣ ሌሎቹ ሲከስሩ፣ ከዚያ የኮንሰርት ጉዞ ያተረፈ ብቸኛው አባል ሆነ። በ2000 የወጣው የዚህ ጉዞ ቅጂ በጥራት ተቀድቷል፤ ሆኖም ግንቡ በዓይን ካልታየ ግማሹ ይቀራል፤ ስለዚህ ለማንም ቀድሞ እንዲገዛው አልመክርም።

ዋተርስ ባንዱን ከለቀቀ በኋላ በ1994 የኮንሰርት ጉዞ የተቀዳው «ፐልስ» ሙሉውን «ዘ ዳርክ ሳይድ»ን ይዟል። አጃቢዎቹ በዝተው ሁሉም ነገር ከሚገባው በላይ ለስልሷል፤ ሆኖም በ1995 ሲወጣ በሳጥኑ ጠርዝ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት ስለነበረችው ብቻ የገዙት ጥቂት አይመስሉኝም። አንዱ እኔ ነኝ። ከሰው እጅ የገዛሁት ስለሆነ መብራቷ ከጠፋች ቆይታለች፤ ባትሪዋን እንዳልቀይር ግን ካርቶኑ ይቀደድብኛል ብዬ እየፈራሁ እስከ ዛሬ አልነካኋትም።