ለሐረጎ ጉም፣ ለፓኔል ጨለማ፦ የኪስ ባትሪ አመራረጥ

ኪስ ውስጥ የምትገባ ጠንካራ ባትሪ መግዛት ካሰባችሁ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ለጊዜው እርሱት። «ምን ያህል ትደምቃለች?» ከማለታችሁ በፊት «ምን ያህል መደብዘዝ ትችላለች?» ብላችሁ ጠይቁ። ባለሱቁ ሊስቅባችሁ ይችላል። ይሳቅ።

እኔ ኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ቤቴ ደግሞ ደሴ፣ ጦሳ ሥር ነው። በፈረቃ ስለምንሠራ ሌሊት የምወጣበትም ሌሊት የምገባበትም ጊዜ አለ። ሰርቪሱ ዋናው መንገድ ላይ ያወርደኛል። ከዚያ ቤቴ ድረስ ዳገት፣ ድንጋይ፣ ጭቃና ውሻ ነው። ባትሪ ለእኔ እንደ ካቻቢቴና ፒንሳ የሥራ ዕቃ ናት። ስልክ አለህ አይደል የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አለኝ፤ ግን ስልኬን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው ኮንታክተር (የማሽኑን ኃይል የሚያገናኘውና የሚቆርጠው ዕቃ) አልፈታም። ማሽን ውስጥ ከወደቀ ደግሞ ወጪው ከባትሪ ዋጋ ይበልጣል።

መጀመሪያ «ታክቲካል» ስለሚባሉት ላውራ። ፒያሳ ሱቆች ውስጥ ሞልተዋል። ጥቁር ናቸው። አፋቸው ጥርስ ጥርስ አለው። አንገታቸው ወደፊትና ወደኋላ ሲሳብ ብርሃኑን ይሰበስባል፣ ይበትናል። ባለሱቁ ማዶ ያለው ሕንፃ ላይ አብርቶ ያሳያችኋል፤ እናንተም ትደነቃላችሁ። ልብ ብላችሁ ካያችሁ ግን ብርሃኑ ሙሉ በሙሉ ሲሰበሰብ ማዶው ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል። እሱ ብርሃኑን የምታወጣው የኤልኢዲዋ ቅርጽ ነው። ሌንሱ ምስሏን አጉልቶ ማዶ መወርወሩ ነው። ወደ ጎን የሄደው ብርሃን ግን እዚያው ቱቦው ውስጥ ባክኖ ቀርቷል። የሚንሸራተት አንገት ውሃም በቀላሉ ያስገባል፤ ለደሴ ክረምት ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የሚያናድደኝ ግን ቁልፉ ነው። አንዴ ሲጫን ደማቅ፣ ሲደገም ደብዛዛ፣ ሲሠለስ ብልጭ ድርግም፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚጠፋው። የክፍላችን አንድ ልጅ እንዲህ ያለ ባትሪ ገዝቶ ነበር። ማታ ሲገባ የግቢያችን ዘበኛ ፊት ላይ ለቀቀባቸው።

«ኧረ ልጄ፣ ዓይኔን አጠፋኸው! ሌባ መሰልኩህ እንዴ?»

«ይቅርታ አባባ፣ አሁን አጠፋዋለሁ» አለና ተጫነ። ደበዘዘች። ደግሞ ተጫነ። ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። አባባ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው «አብሽር፣ አብሽር፣ ብቻ ወደዚያ አዙራት!» ይላሉ። እኛ በሳቅ ሞትን።

ብልጭ ድርግሙ ጅብ ያባርራል ብሎ የሚሸጥም አጋጥሞኛል። ፈትኜው አላውቅም፣ ለመፈተንም ጉጉት የለኝም።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ። ሉመን ማለት ባትሪዋ በሁሉም አቅጣጫ የምታወጣው ጠቅላላ ብርሃን ነው። ርቆ መሄዱን የሚወስነው ግን ካንዴላ የሚባለው ነው፤ ብርሃኑ መሀል ላይ ምን ያህል ተሰብስቧል የሚለው። ሁለት ባትሪዎች እኩል 1000 ሉመን ኖሯቸው አንዷ ክፍሉን በሙሉ ስታበራ ሌላዋ መንገድ ማዶ ያለ ታርጋ ልታስነብብ ትችላለች። የታወቁት አምራቾች ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤፍኤል 1 የሚባል የአለካክ ደረጃ አላቸው። በዚያ ደረጃ «200 ሜትር» ማለት 200 ሜትር ላይ የሚደርሰው ብርሃን እንደ ሙሉ ጨረቃ ብርሃን ነው ማለት ነው። ሰው መኖሩን ታያላችሁ፤ ማን እንደሆነ ግን አትለዩም። «ይህን ያህል ሰዓት ይበራል» የሚለውም የሚቆጠረው ብርሃኑ ከመነሻው ወደ አሥር በመቶ እስኪወርድ ነው። ካርቶኑ አልዋሸም፤ እኛ ነን የተለየ ነገር የምናስበው።

ሙቀትም አለ። ትንሽ ቱቦ ከ1000 ሉመን በላይ ስታወጣ ወዲያው ትግላለች። ስለዚህ ደህና የተሠሩት ትንሽ ቆይተው ራሳቸው ዝቅ ይላሉ። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ዝቅ ባይሉ እጃችሁንም ኤልኢዲውንም ያቃጥሉ ነበር። እኔ ቀኑን ሙሉ የምጠቀመው ከ100 እስከ 300 ሉመን ባለው ነው። ትልቁን የምነካው ግቢ ውስጥ ከፍ ያለ ነገር ለማየት ስፈልግ ነው።

አሁን ወደ ድንጋዩ። የእነዚህ ባትሪዎች ድንጋይ ብዙ ጊዜ 18650 የሚባለው የሊትየም ድንጋይ ነው። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት፤ ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። ከምርጦቹ ውስጥ አብዛኞቹ የሚይዙት ቢበዛ 3500 ሚሊ አምፒር ሰዓት አካባቢ ነው። እና ሱቅ ውስጥ «9900» የተጻፈበት ድንጋይ ስታዩ ዝም ብላችሁ ፈገግ በሉ። በዚህ መጠን እንዲህ ያለ ነገር የለም። መለያው ቀላል ነው። ደህናው ድንጋይ ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። እኔ ቅመም የሚሸጡ እናት ዲጂታል ሚዛን ላይ ነው ያስመዘንኩት። «ይኼ ምንድነው ልጄ? የምን ቅመም ነው?» ብለውኛል። የዚያ የክፍላችን ልጅ ድንጋይ ከዚያ በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሽፋኑ የተቀደደ ድንጋይም አትግዙ። ላስቲኩ ሥር ያለው ብረት በሙሉ ኔጌቲቭ ነው፤ ኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ሲገናኝ ሾርት ይሆናል። ሊትየም ሾርት ሲሆን ቀልድ የለም።

እኔ የያዝኩት ዉርኮስ ኤፍሲ11 የምትባል ናት። የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ነው ያመጣልኝ። ዋጋዋ 30 ዶላር ግድም ነው። በ18650 ድንጋይ ትሠራለች፣ እስከ 1300 ሉመን ትላለች፣ በታይፕ ሲ ገመድ ቻርጅ ትደረጋለች። ለስልኬ የምጠቀምበት ገመድ ይበቃታል። ግን የመረጥኳት ለዚህ ሁሉ አይደለም።

የመረጥኳት ለቀለም ነው። ይህ ሻጮቹ የማያነሱት ነገር ስለሆነ ትንሽ ታገሱኝ። ርካሽ ባትሪዎች ብርሃናቸው ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሰማያዊ የቀላቀለ ብርሃን ለዓይን የደመቀ ስለሚመስል ሱቅ ውስጥ ያሸንፋል። ፓኔል ከፍታችሁ ግን ሽቦ ስታዩበት ቡናማው ጥቁር ይመስላል፣ ቀዩም ቡናማ ይመስላል። እኛ ፋብሪካ አሮጌ ማሽንም አዲስ ማሽንም አለ። በአሮጌዎቹ ፌዞቹ (ኃይል የሚያመጡት ሽቦዎች) ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ናቸው። በአዲሶቹ ቡናማ፣ ጥቁርና ግራጫ ሆነው ሰማያዊው ደግሞ ኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) ነው። ሌሊት፣ አቧራ በለበሰ ገመድ ላይ፣ ቀለም በግምት አይነበብም። በእርግጥ ከመንካቴ በፊት በቴስተር አያለሁ፤ ቢሆንም ዓይኔ መጀመሪያ ትክክል ቢያይ እመርጣለሁ። የብርሃን ቀለም የማሳየት ችሎታ ሲአርአይ በሚባል ቁጥር ይለካል። የፀሐይ ብርሃን 100 ነው። ተራ ባትሪዎች 70 አካባቢ ናቸው፣ የእኔዋ 90 ናት። ልዩነቱን በቃል ማስረዳት ይከብዳል። እጃችሁን አብሩባት፤ በአንዷ የሬሳ እጅ ይመስላል፣ በሌላዋ የራሳችሁ እጅ ነው።

ቂጧ ላይ ያለው ማግኔት ሁለተኛው ምክንያቴ ነው። ማሽኑ አካል ላይ ለጠፍ አድርጌ ሁለት እጄን አስፈታለሁ። ኩሽኔታ ስንቀይር ባትሪ ያዥ ረዳት አያስፈልገኝም። እንዲህ ያለ ማግኔት ግን የብረት ብናኝ ይሰበስባል። ጨርቅ ይዛችሁ ጠርጉት፣ አለዚያ ብናኙ ኪሳችሁ ድረስ ይመጣል። የባንክ ካርድ ካለበት ኪስ ጋርም አታቀራርቡት።

ጉሙ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመካከል ሐረጎ አለ። በክረምት እዚያ የሚተኛውን ጉም ያየ ያውቀዋል። አንድ ሌሊት ሰርቪሳችን እዚያ ጎማ ተበሳበት። ወርደን ስናይ የልጁ ታክቲካል ከፊቱ ነጭ ግድግዳ ነው የሠራችው። ጉም ጥቃቅን የውሃ ጠብታ ስለሆነ ብርሃኑን መልሶ ዓይናችሁ ላይ ይረጨዋል። ብዙ ባበራችሁ ቁጥር ያነሰ ታያላችሁ። መፍትሔው ብርሃኑን መቀነስና ባትሪዋን ከዓይን ማራቅ ነው። ወገብ አካባቢ፣ ቢቻል ጉልበት ድረስ ዝቅ አድርጎ ወደ መሬት። በዚያ ሌሊት ሹፌሩ የጎማውን ብሎን የፈታው በእኔዋ ትንሽ ብርሃን ነው፤ ማግኔቷን የመኪናው አካል ላይ ለጥፌለት። ትልቁን ብርሃን ማንም አልፈለገውም።

ከሁሉም በላይ ዝቅተኛዋ ብርሃን ነው የምትጠቅመኝ። ጠፍታ እያለ ቁልፏን ተጭኜ ብይዘው ሻማ የማታክል ብርሃን ታወጣለች። ሌሊት ስገባ ባለቤቴንና ሕፃኑን ሳልቀሰቅስ ጫማዬን የማወልቀው በእሷ ነው። መብራት ሲሄድ ደግሞ መካከለኛው ላይ አድርጌ ቂጧን ጠረጴዛ ላይ አቆማታለሁ። ብርሃኑ ነጩ ኮርኒስ ላይ ይመታና ክፍሉን በሙሉ ያዳርሳል። ባለቤቴ ቡናዋን ታፈላለች፣ ትልቁ ልጅ የቤት ሥራውን ይሠራል። ለፓኔል የተገዛች ዕቃ መሆኗን ማንም ያስታወሰ የለም።

ኪስ ውስጥ ሳታውቁት እንዳትበራ ተጠንቀቁ። የጎን ቁልፍ ያላቸው ባትሪዎች ሁሉ ይህ ጠባይ አላቸው። ብዙዎቹ የኋላ ክዳናቸው ሩብ ዙር ከላላ አይበሩም፤ የሱሪ ኪስ እስኪፋጅ አትጠብቁ።

ገጠር ላለ ሰው ግን ይህችን አልመክርም። እናቴ ከከተማ ወጣ ብላ ነው የምትኖረው፤ እዚያ መብራት አንድ ቀን ይመጣል፣ ሌላ ቀን ይጠፋል። ለእሷ የገዛሁት በአንድ ትንሽ ድንጋይ፣ በዚያ በሬዲዮው ዓይነት፣ የምትሠራ ነው። ድንጋዩ የትም ኪዮስክ አለ። ብርሃኗ ከእኔዋ በጣም ያንሳል፤ በረት ድረስ ሄዳ ለመመለስ ግን ይበቃታል። አንድ ነገር ብቻ ነግሬያታለሁ፦ «እማ፣ ብዙ ቀን የማትጠቀሚባት ከሆነ ድንጋዩን አውጪው።» ያለቀ ድንጋይ ውስጥ ሲቀመጥ ይፈሳል፣ ስፕሪንጉንም ይበላዋል።

ከውጭ የሚያስመጣ ዘመድ ካላችሁ ሁለት ነገር ንገሩት። ድንጋዩን ከታወቀ ሻጭ ይግዛ፤ ባትሪዋ ደህና ሆና ድንጋዩ ቀሽም ከሆነ ገንዘቡ ባከነ። ሁለተኛ፣ ትርፍ የሊትየም ድንጋይ የሚገባው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ ጫፎቹ በፕላስተር ተሸፍነው ወይም በየሳጥናቸው ሆነው። የአክስቴ ልጅ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከቶት ኤርፖርት ላይ አስከፍተው አስወጥተውታል። እኔን እስከ ዛሬ ይሰድበኛል።